ትንሹ የጋራ ብዜት ለማን ጠቀመ?

«ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ ትንሹን የጋራ ብዜት አንድም ቀን ፈልጌው አላውቅም።» ይህን አባባል ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ባለሱቁ ይለዋል፤ መሐንዲሱ ይለዋል፤ የልጁን የቤት ሥራ ሊያግዝ ተቀምጦ ብዙም ሳይቆይ ደብተሩን የዘጋ አባት ይለዋል። አንዳንድ መምህር ሳይቀር «ለፈተና ይመጣልና ያዙት» ብሎ ያልፈዋል፤ ይህም ያው አባባል ነው፣ በጠመኔ ተጻፈ እንጂ። ከዚህ ተነሥቶ የሚሰጠው ፍርድ ቁርጥ ያለ ነው፦ ልጆች በዚህ ጊዜ ከሚፈጁ ስለ ገንዘብ አያያዝ ቢማሩ ይሻላቸዋል።

እኔ ፍርዱ ስሕተት ነው ባይ ነኝ። ግን እንዲህ የሚሉት ሰዎች ሞኞች አይደሉምና አስቀድሜ ሙግታቸውን ራሳቸው ሊፈርሙበት በሚችሉት መልክ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ የመማሪያ መጽሐፉ ጥያቄዎች ሐሰተኞች ናቸው ይላሉ። «አንዱ ደወል በየ12 ደቂቃው፣ ሌላው በየ18 ደቂቃው ይደወላል፤ አሁን አብረው ከተደወሉ መቼ ደግመው አብረው ይደወላሉ?» መልሱ ከ36 ደቂቃ በኋላ ነው። ግን ይህን ማን ጠየቀ? ሁለት ደወል መሀል ቆሞ እስኪገጥሙ የሚጠብቅ ሰው ማን አይቶ ያውቃል? ሁለተኛ፣ ኑሮ እንደ ሰዓት አይሄድም። በየ15 ደቂቃው ይመጣል የተባለው አውቶቡስ አንዳንዴ በ10 ደቂቃ፣ አንዳንዴ በ40 ደቂቃ ነው የሚመጣው፤ ሙሉ ቁጥር የሚገኘው ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ ክፍልፋይ ለመደመር እንኳ «ትንሹ» መሆኑ ግድ አይደለም፤ ሁለቱን ታሕቶች አባዝቶ መጨረሻ ላይ ማቃለል ይበቃል። አራተኛ፣ ይህ ሁሉ ቀርቶ በኪስ ያለው ስልክ መልሱን በቅጽበት ያወጣዋል።

በአራቱም ውስጥ እውነት አለ። የደወሉን ጥያቄ ለመከላከል አልሞክርም፤ ይውደቅ። ነገር ግን መጥፎ ምሳሌ የሚያጋልጠው ምሳሌ ሰጪውን ነው ወይስ ነገሩን? ደወሉን እናውጣውና በምትኩ የገዛ ቀን መቁጠሪያችንን እናስገባ።

ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል መውረድ የፈለገ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው አለ። በዓሉ ምን ቀን ይውላል? ከሥራ ስንት ቀን ማስፈቀድ ይኖርብኛል? የታኅሣሡን ያወቀ ሰው የሐምሌውን ማንንም ሳይጠይቅ ማወቅ ይችላል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱ በዓላት ምንጊዜም በአንድ የሳምንት ቀን ነው የሚውሉት። በ2017 ዓ.ም. ሁለቱም ቅዳሜ፣ በ2018 ሁለቱም እሑድ ናቸው። ምክንያቱ ወራችን 30 ቀን፣ ሳምንታችን 7 ቀን መሆኑ ነው። የ30 እና የ7 ትንሹ የጋራ ብዜት 210 ነው፤ 210 ቀን ሰባት ወር ነው፤ ከታኅሣሥ እስከ ሐምሌም ልክ ሰባት ወር ነው። ሚካኤልም እንዲሁ፦ ኅዳር 12 በዋለበት ቀን ሰኔ 12 ይውላል። መስከረም ከሚያዝያ፣ ጥቅምት ከግንቦት፣ ጥር ከነሐሴ ጋር በዚሁ ሥርዓት ይጣመራሉ። ጳጉሜን መሀል እስካልገባች ድረስ ይህ ስሌት አይስትም። ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ተቀምጦ የፈረንጁን ካላንደር ብቻ የሚያይ ሰው ይህን ሥርዓት በዐይኑ አያገኘውም፤ ወሮቹ 28፣ 30፣ 31 እያሉ ይዘላሉና። በዓሉ ግን እዚያም ቢሆን ከስሌቱ አይወጣም።

እንግዲህ በየዓመቱ ለታኅሣሥ አንድ ጊዜ፣ ለሐምሌ ሌላ ጊዜ ካላንደር የሚያገላብጠው ሰው ነው «አንድም ቀን ፈልጌው አላውቅም» የሚለን። ፈልጎታል እንጂ! በእጁ ያለውን መልስ በየዓመቱ ከሌላ ሰው ይጠይቃል።

ወደ ሁለተኛው ሙግት ልለፍ። «ኑሮ እንደ ሰዓት አይሄድም» የሚለውን ከአራቱ ሁሉ አብልጬ ስለማከብረው ረዘም ያለ መልስ ይገባዋል።

ኑሮስ እሺ፤ ሰማይ እንደ ሰዓት ይሄዳል? ጨረቃ ዙሯን ለመጨረስ 29 ቀን ተኩል ገደማ ይፈጅባታል፤ ዓመቱ 365 ቀን ከሩብ ገደማ ነው። ሁለቱም «ገደማ» ናቸው፤ በሙሉ ቁጥር አይገናኙም። ያም ሆኖ ሰማይን ሲከታተሉ የኖሩ የጥንት ሰዎች 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር እጅግ እንደሚቀራረብ አስተዋሉ። ልዩነቱ በ19 ዓመት ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው። በድሜጥሮስ ስም የሚጠራው የባሕረ ሐሳብ ትምህርት የአጽዋማትንና የበዓላትን አወጣጥ የሠራው በዚህ ላይ ቆሞ ነው። ሳምንቱ በ7 ይዞራል። ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ በ4 ይዞራሉ፤ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። የጨረቃው ስሌት በ19 ይዞራል። 4 እና 7 የሚገናኙበት 28 ዓመት ዐውደ ፀሐይ ተባለ። 4 እና 19 የሚገናኙበት 76 ዓመት ማዕከላዊ ቀመር ተባለ። ሦስቱም አንድ ላይ የሚገናኙበት 532 ዓመት ደግሞ ዐቢይ ቀመር ነው። 532 ከየት መጣ? የ4፣ የ7 እና የ19 ትንሹ የጋራ ብዜት ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።

ይህ የብራና ወሬ ብቻ እንዳይመስል፦ አሁን የምንኖረው በ15ኛው ዐቢይ ቀመር ውስጥ ነው። ዓመተ ምሕረቱን 5500 ላይ ደምሮ ለ532 ያካፈለ ሁሉ ያገኘዋል። 2018 ላይ 7518 ይሆናል፤ 14 ጊዜ ይደርስና 70 ይተርፋል። ስለዚህ ዙሩ የተጀመረው በ1949 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለበት ወርና ቀን በ2481 ዓ.ም. ተመልሶ ያው ይሆናል። ይህን የሚያሰላ የአብነት ተማሪ መብራትም ስልክም አይፈልግም።

ልብ በሉ፤ ሊቃውንቱ ሰማይ ስላልገጠመላቸው ስሌቱን አልጣሉትም። «ገደማውን» አውቀው ወደ ሙሉ ቁጥር አጠጉት፣ ከዚያ ዙሮቹ የሚገናኙበትን ፈለጉ። የኛ ተከራካሪ ግን አውቶቡሱ ስለዘገየበት ብቻ ብዜቱን በሙሉ ይጥላል። አዎ፣ እንደፈለገው ለሚመጣ አውቶቡስ ትንሹ የጋራ ብዜት መልስ የለውም፤ ለእሱ ሌላ ሒሳብ አለ። ግን ኑሯችን ሁሉ አውቶቡስ ነው? ሳምንቱ ይዘገያል? የቤት ኪራይ የሚከፈልበት ቀን ይረሳል? አከራዩ ይረሳል የሚል ካለ እሱ በሌላ ከተማ ነው የሚኖረው። የሌሊት ተራ፣ የመድኃኒት ሰዓት፣ ዕቁብ፣ የጽዋ ማኅበር፣ በፈረቃ የሚመጣ ውኃ፣ እነዚህ ሁሉ በቁጥር የሚዞሩ ናቸው። ውኃ በየሦስት ቀኑ የሚደርሰው ሰፈር ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስ የምታጥብ ሴት የቧንቧ ውኃ የሚገጥማት ከሦስት ቅዳሜ በአንዱ፣ በየ21 ቀኑ ነው። እሷ ይህን በበርሜል ታውቀዋለች። በቁጥር ብታውቀው ግን የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ ከወር በፊት ምልክት ታደርግበታለች።

አሁን የተራ ነገር ይነሣ፤ ተቃዋሚዎቼ ሳያውቁት ዋጋ የሚከፍሉበት ቦታ እሱ ነውና። አንድ ክፍል ውስጥ ሰባት ነርሶች አሉ እንበል። ኃላፊው የሌሊት ተራ ሲያወጣ «ሰባት ሰው፣ ሰባት ሌሊት፤ ከዚህ የበለጠ ፍትሕ የት ይገኛል?» ብሎ በዝርዝር ያስገባቸዋል። ምን ሆነ? መጀመሪያ ቅዳሜ የደረሳት ነርስ በሚቀጥለውም ሳምንት ቅዳሜ ይደርሳታል። ከዚያም ቅዳሜ፣ ከዚያም ቅዳሜ። የ7 እና የ7 ትንሹ የጋራ ብዜት 7 ነውና ዙሩ አይንቀሳቀስም። ማክሰኞ የደረሰው ደግሞ የማንንም ሠርግ ሳያጣ ዓመቱን ይጨርሳል። ነርሶቹ ስድስት ቢሆኑስ? 6 እና 7 የሚገናኙት በ42 ነው፤ በ42 ሌሊት ውስጥ እያንዳንዳቸው ሰኞንም፣ ዐርብንም፣ እሑድንም አንድ አንድ ጊዜ ያድራሉ። ስምንት ቢሆኑ በ56 ሌሊት ያው ይሆናል። ዐሥራ አራት ቢሆኑ ግን ችግሩ ተመልሶ ይመጣል፤ ቅዳሜ የሁለት ሰዎች ብቻ ርስት ይሆናል።

እንግዲህ በዐይን ሲታይ ከሁሉ የሚያምረው ቁጥር ከሁሉ የሚያዳላው ሆኖ ተገኘ። ይህን ያላየ ኃላፊ ምን ያደርጋል? ነርሷ ታማርራለች፤ እሱ «ተራው የወጣው በእኩል ነው» ይላታል፤ እውነቱን ነው፣ እሷም እውነቷን ነው። ቀጥሎ መቀያየር፣ መለማመጥ፣ መኳረፍ ይመጣል። ከዚያ ይህ ሰው ቤቱ ገብቶ ልጁን «ይሄ ምን ያደርግልሃል?» ይለዋል።

ጋራዥ ውስጥ ያለው መካኒክ ተመሳሳዩን ነገር በብረት ያውቀዋል። 10 ጥርስ ያለው ማርሽ 40 ጥርስ ካለው ጋር ቢገጠም፣ የትንሹ አንዷ ጥርስ ዕድሜ ልኳን የምትነካው አራት ጥርሶችን ብቻ ነው፤ እሷ ከተቆረሰች እነዚያን አራቱን ደጋግማ ታበላሻለች። ትልቁ 41 ጥርስ ሲኖረው ግን የሁለቱ ትንሹ የጋራ ብዜት 410 ይሆንና እያንዳንዷ ጥርስ ሁሉንም ታዳርሳለች፤ መበላቱ ለሁሉም ይካፈላል። ምጣኔው 4.1 የሆነ ዲፈረንሻል 41 እና 10 ጥርስ ይዞ የሚሠራው በከንቱ አይደለም።

ስለ ስልኩ ብዙ አልልም። ስልክ የ6 እና የ7ን ትንሹ የጋራ ብዜት ለጠየቀው ሁሉ ይነግራል። ሰባቱን ነርሶች አይቶ «ይህ የብዜት ጥያቄ ነው» ብሎ የሚነግር ግን ማን ነው? ከባዱ ነገር ማባዛቱ ሆኖ አያውቅም። ጥያቄውን ያላወቀ ሰው እጅ ላይ ያለ ስልክ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

«ትንሹ መሆኑ ግድ አይደለም» የሚለው ግማሹ ልክ ነው። ክፍልፋይ ለመደመር ማንኛውም የጋራ ብዜት ይሠራል፤ ታላላቅ ቁጥር ማቃለል የማይሰለቸው ሰው ይጠቀምበት። የጊዜ ጥያቄ ሲሆን ግን «ትንሹ» ጌጥ አይደለም፤ መልሱ ራሱ ነው። በየ6 ቀኑ የሚመጣና በየ8 ቀኑ የሚመጣ ሰው ዛሬ ከተገናኙ በ48ኛው ቀን መገናኘታቸው እውነት ነው። ግን በ24ኛው ቀንም ይገናኛሉ። የፈለግኩት የመጀመሪያውን ቀን ከሆነ 48 ያለኝ ሰው አሳስቶኛል።

ለክፍልፋዩም ቢሆን ገበሬው ሊቃውንቱን ሳይጠብቅ ነው የደረሰበት። እስከ 1967ቱ የገጠር መሬት ዐዋጅ ድረስ ጭሰኛ ምርቱን ለባለመሬት የሚያካፍልበት መጠሪያ ሲሶ፣ እርቦ፣ እኩል ነበር፤ ዐሥራትም ነበረ። ዐሥራቱም ሲሶውም ከጠቅላላው ምርት ቢቆጠር ለአራሹ ስንት ይቀረዋል? ታሕቶቹ 10 እና 3 ናቸው፤ 30 ላይ ይገናኛሉ። ከ30 ቁና ሦስቱ ለዐሥራት፣ ዐሥሩ ለሲሶ፣ 17ቱ ለጎተራ። ይህን አውድማ ላይ ቆሞ ያልቆጠረ ጭሰኛ ለክረምቱ ምን እንደሚተርፈው ሳያውቅ ይገባ ነበር። ዛሬ ቁናው በኩንታል ቢተካም ውርስና ሽርክና አሁንም በሲሶና በእርቦ ይነገራል፤ ሲሶና እርቦ ሲደመር ከ12 ሰባት መሆኑን የማያውቅ ባለድርሻ የተነገረውን ከመቀበል ሌላ ምርጫ የለውም።

ተቃዋሚዎቼ ያላነሡት፣ ቢያነሡት ግን ያስጨንቁኝ የነበረ አንድ ነጥብ አለ። ትንሹ የጋራ ብዜት «ዛሬ አብረው ከጀመሩ» በሚል ቅድመ ሁኔታ ላይ ነው የቆመው። አብረው ካልጀመሩስ? አንድ በሽተኛ አንዱን መድኃኒት በየ6 ሰዓቱ፣ ሌላውን በየ8 ሰዓቱ ይወስዳል እንበል። ሁለቱም ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከተጀመሩ በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ፣ ጠዋት 12 ላይ ይገጥማሉ። ሁለተኛው በ1 ሰዓት ቢጀመር ግን 1፣ 9፣ ማታ 5 እያለ ሲሄድ፣ የመጀመሪያው 12፣ 6፣ 12፣ 6 ላይ ነው፤ እስከ መቼም አይገናኙም፣ ከአንድ ሰዓት በታችም አይቀራረቡም። 6 እና 8 ሁለቱም ለ2 ስለሚካፈሉ በጎዶሎ ሰዓት ከተለያዩ ተለያይተው ይቀራሉ። (ሁለቱ መድኃኒቶች መራራቅ ይኑርባቸው ወይም አይኑርባቸው የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ እኔ የማወራው ስለ ሰዓቱ ነው።) 7 እና 30 ግን ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውምና በየትም ቢጀመር ይገናኛሉ፤ የወሩ 12ኛ ቀን በሰባት ተከታታይ ወር ውስጥ በሰባቱም የሳምንት ቀናት አንድ አንድ ጊዜ ይውላል። እንግዲህ ይህ ነጥብ ብዜቱን ይጥለዋል ወይስ ያጠልቀዋል? ከትንሹ የጋራ ብዜት ጎን ትልቁ የጋራ አካፋይ ለምን በአንድ ምዕራፍ እንደሚማሩት የሚገልጸው ይኸው ነው፤ አንዱ መቼ እንደሚገናኙ፣ ሌላው ጭራሽ ይገናኙ እንደሆነ ይነግራል። ልጆቻችን ሁለቱን በብቸኛ ቁጥሮች እየበተኑ ሲያወጡ ይኖራሉ፤ ለምን ሁለት እንደሆኑ የነገራቸው ግን ጥቂቱ ነው።

ጥፋቱ ታዲያ የማን ነው? ትምህርቱን ደወል ላይ ሰቅሎ የተወው አሠራር ነው። ከዚህ ላይ ከተቃዋሚዎቼ ጋር እስማማለሁ፤ ከዚያ የሚያወጡት መደምደሚያ ላይ ግን አልስማማም። የማያገናኝ ምሳሌ ሲያዩ ምሳሌውን ይቀይሩ እንጂ ስሌቱን አይጣሉ። በየራሳቸው ዙር የሚሄዱ ነገሮች መቼ ይገናኛሉ የሚለው ጥያቄ ያልገባበት ቤትም መሥሪያ ቤትም የለም። ለጥያቄው በግምት የሚመልስ ሰው ሒሳቡን አላመለጠም፤ ስሕተቱን በተራ፣ በኩርፊያና በገንዘብ ይከፍለዋል።

በገንዘብ ስል፣ ያ «ከዚህ ይልቅ ስለ ገንዘብ አያያዝ ይማሩ» የተባለው ምክር ይመለስ። ይማሩ፤ ደስ ይለኛል። በየሳምንቱ እሑድ 500 ብር ዕቁብ የሚጥልና በየወሩ ደመወዝ የሚቀበል ሰው በጀቱን እንዴት ይያዝ? አብዛኛው «ወር አራት ሳምንት ነው» ብሎ 2000 ብር ያስቀምጣል። 30 ቀን ግን አራት ሳምንት ከሁለት ቀን ነው። ቅዳሜ ወይም እሑድ የገባ ወር አምስት እሑድ አለው፤ በሰባት ተከታታይ ወር፣ በ210 ቀን ውስጥ፣ እንዲህ ያሉ ወሮች ሁለት ናቸው። በእነዚያ ሁለት ወሮች 500 ብር ይጎድለዋል፤ ከወዳጅ ይበደራል፣ አልያም ለዳኛው ምክንያት ያቀርባል። ወሮቹ የትኞቹ እንደሆኑ ከመስከረም ጀምሮ ማወቅ ይቻል ነበር። ያንን የገንዘብ አያያዝ ትምህርት የሚያስተምረው መምህር 210ን ከየት ሊያመጣው ነው?